ስለ ልውጥ ዘር እህልና በእንስሳት ላይ ስለሚደረገው የመኖ ምርመራ

በጅማ፥ በአጋሮ፥ በየቡ፥ በሊሙ ገነትና በጌራ የሚኖረው ባለ ቡና ገንዘብ የሚያገኘው ቡናው ተለቅሞ ከተሸጠ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው የክረምት ወራት ቤተ ሰቡን የሚያቆየው የበቆሎ እሸት ነው። ስለዚህ በበቆሎ ዘር ላይ የሚነሣ ወሬ በነዚህ አገሮች ፈጥኖ ይሰማል። አንዱ ልውጥ እህል የበላ ይታመማል ሲል፥ ሌላው ፈረንጆች መርምረውታልና አንዳች የለበትም ይላል፤ ሁለቱም ወደ ሹሙ ቀርበው ይጠይቃሉ። ሹሙም ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ ያላወቀ እንደ ሆነ መልሱ ከወሬው አይሻልም።

አስቀድሞ ስሙን መለየት ያስፈልጋል። በባኮ የምርምር ጣቢያ የወጡት ቢ ኤች 660 እና ቢ ኤች 661 የተባሉት በቆሎዎች፥ እንደዚሁም በጅማ አጠገብ በመልኮ የተገኘው አባ ቡና የተባለው ቡና ድቅል ናቸው እንጂ ልውጥ አይደሉም፤ ባላገር በቅሎ ለማግኘት አህያን ከባዝራ እንደሚያገናኝ ያለ ነው። ልውጥ የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ፍጥረት ዘረ መል በጥበብ ተወስዶ የገባበት ነው። በአገራችን ስለዚህ ነገር የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቍጥር 655 በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 896 ተሻሽሏል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ትል የሚከላከል ልውጥ ጥጥ እንዲዘራ፥ ቴላ የሚባለውም በቆሎ በታጠረ ቦታ እንዲሞከር ተፈቀደ። በ2009 ዓ.ም. ከጅማ በስተ ምዕራብ በሸካ የታየው የአሜሪካ ተምች በበቆሎው ላይ ያደረሰውን ያየ ሰው፥ ትል የማይበላው ዘር ለምን እንደሚፈለግ መጠየቅ አያሻውም።

ምርመራው አዲስ ቢመስልም ሐሳቡ የቆየ ነው። በነገሥታቱ ግብር ቤት አሳላፊው ጠጁን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምስ ነበር፤ ይህ ግን የሚያስታውቀው ፈጥኖ የሚገድለውን መርዝ ብቻ ነው። በትንቢተ ዳንኤል የተጻፈው ከዚህ ይልቃል፤ ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ተመግበው መልካቸው ከንጉሡ ማዕድ ከሚበሉት ብላቴኖች ጋር ተመሳከረ። የዛሬ ሊቃውንትም የሚሹት ይኸንኑ ማመሳከር ነው፤ ዐሥር ቀንና አራት ሰው ያንሳቸዋል እንጂ።

እነርሱ የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ልውጡን በቆሎና ከገባበት ዘረ መል በቀር በሁሉ የሚመስለውን ያልተለወጠ ዘር ጎን ለጎን ይዘራሉ፤ መሬቱ ቢለያይ እህሉም ይለያያልና። አይጦችን በየወገኑ፥ በእያንዳንዱም ወገን ቢያንስ 10 ወንድና 10 ሴት አድርገው፥ ለአንዱ ልውጡን ለሌላው ያልተለወጠውን ከመኖ ጋር ቀላቅለው 90 ቀን ያበላሉ። አይጥ የሚኖረው ሁለት ዓመት ያህል ስለ ሆነ ይህ ለርሱ አጭር ዘመን አይደለም። በየጊዜው ይመዝኑታል፤ የበላውን ይሰፍራሉ፤ በመጨረሻም ደሙን መርምረው ጉበቱን፥ ኩላሊቱንና ሌላውን ብልት በአጉሊ መነጽር ያያሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ችግር አለ። መድኃኒት ሲመረመር ሰው ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ለአይጥ ይሰጣል፤ እህል ግን ሆድ ይሞላል። በቆሎው ከመኖው ሲሶ እጅግ ከበለጠ አይጡ ሌላውን ምግብ አጥቶ ሊጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱም ከዘሩ ይሁን ከመኖው መጓደል አይለይም። ስለዚህ አዲሱን ፕሮቲን አጥርተው ለብቻው በብዙ መጠን ይሰጣሉ፤ ጫጩቶችንም 42 ቀን ያበላሉ፤ ጫጩት ፈጥኖ ስለሚያድግ የመኖ ጉድለት ቶሎ ይታይበታልና። በቴላ በቆሎ ካሉት ለውጦች አንዱ የሆነው ሞን 810፥ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በተደረገው ግሬስ በተባለው ጥናት 11 እና 33 በመቶ እየተደረገ ለአይጦች 90 ቀን ተሰጥቶ ጉዳት አልተገኘበትም።

የሚያስፈራው ሥዕል የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ሴራሊኒ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ኤን ኬ 603 የሚባለውን በቆሎ ሁለት ዓመት የበሉ አይጦች ትልልቅ እበጥ እንዳወጡ አሳየ። አይጦቹ 200 ነበሩ፤ ነገር ግን ያልተለወጠውን በቆሎና ንጹሕ ውኃ ያገኙት 10 ወንድና 10 ሴት ብቻ ሲሆኑ፥ የተመረጠውም የአይጥ ዘር ምንም ቢበላ በእርጅናው እበጥ የሚበዛበት ነው። መጽሔቱ በ2013 ጽሑፉን ሰረዘ፤ በ2014 በሌላ መጽሔት ታተመ። በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በዚያው በቆሎ ላይ ያስደረገው የሁለት ዓመት ምርመራ ጉዳት አላገኘም።

ይሁን እንጂ እንስሳው ደኅና ነውና ሰውም ደኅና ነው ማለት ሁልጊዜ አይቻልም። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ በሬ ያደልባል፤ የሚያመሰኳ ስለ ሆነ በውስጡ ያለውን ጎሲፖል የሚባል መርዝ በመጠኑ ይችለዋል፤ ዶሮና አሳማ ግን ይጎዱበታል። ይህም በአገሬው ጥጥ ያለ እንጂ ልውጡ ያመጣው አይደለም። የራሳችንን ቡና ብንወስድ፥ ሰው በየቀኑ የሚጠጣው ካፌይን ውሻን ሊገድል ይችላል፤ ከእሸት ቡና የሚወጣውም ገለፈት ከመኖው አምስተኛ እጅ ካለፈ የከብትን ዕድገት ይቀንሳል። ቡና ዛሬ እንደ አዲስ እህል ለፈተና ቢቀርብ ፈታኞቹን ባስቸገራቸው ነበር። በአኩሪ አተር ላይ የብራዚል ለውዝ ዘረ መል በገባ ጊዜ ደግሞ፥ ለውዙ የማይስማማቸውን ሰዎች እንደሚጎዳ በ1996 እ.ኤ.አ. የታወቀው ከነዚሁ ሰዎች በተወሰደ ደም ነው፤ ዘሩም ለገበያ ሳይወጣ ቀረ።

ስለዚህ የምርመራ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር፥ ልውጡ ከምን ጋር እንደ ተመሳከረ፥ እንስሳቱ ስንት እንደ ነበሩ፥ ገንዘቡን ማን እንደ ከፈለ መጠየቅ ይገባል። ብዙው ምርመራ የሚደረገው ዘሩን በሚሸጠው ድርጅት ገንዘብ ነው። ይህ ብቻውን ሐሰት አያሰኘውም፤ ነገር ግን ሻጭ በቍናው የሰፈረውን ገዢ መልሶ ቢሰፍረው ነውር አይደለም። ፈቃድ መስጠት የአካባቢ ጥበቃ ባለ ሥልጣን እንጂ የወረዳ ሥራ አለመሆኑንም ማስታወስ ያሻል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ በእኔ አስተያየት ለወረዳ ሹም ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው። ለዘር የሚሸጠው በቆሎ ብዙ ጊዜ መድኃኒት ተቀብቶ ቀለም የያዘ ነው። ከዘር የተረፈውን ለዶሮ የበተነ ሰው ዶሮዎቹ ቢሞቱ ዘሩን ይከሳል፤ የገደላቸው ግን መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። በኢራቅ በ1971 እና በ1972 እ.ኤ.አ. ሜርኩሪ የተቀባ የዘር ስንዴ ጋግረው ከበሉት በሐኪም ቤት ብቻ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከነርሱም አንዳንዶቹ አስቀድመው ለዶሮና ለከብት ሰጥተው ጥቂት ቀን ጠብቀው፥ እንስሳቱ ደኅና ስለ ሆኑ ነበር የበሉት፤ መርዙ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ መሆኑን አላወቁም። ቀለሙን በውኃ ማጠብም መርዙን አላስለቀቀም። ስለዚህ የተቀባ ዘር ተርፎ የተገኘ እንደ ሆነ ከምግብ እህል ተለይቶ፥ ልጆችና ከብት ከማይደርሱበት፥ እስከሚቀጥለው የዘር ወቅት ይቀመጥ፤ ባዶውም ከረጢት እህል እንዳይጨመርበት ይደረግ።