ከሜምብሬኑ በፊት ያለው ሥራ

ግልገል ግቤ በሐምሌና በነሐሴ የጅማን ተራሮች ቀይ አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። ይኸው ወንዝ ነው ቦዬ ባለው ማጣሪያ ጣቢያ አልፎ ለጅማ ሰፈሮች የሚከፋፈለው። የደለሉን ክብደት ታች ያለው የግልገል ግቤ ግድብ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ይህ 184 ሜጋዋት ማመንጫ ከታሰበለት ዕድሜ ቀድሞ በደለል ሊሞላ እንደሚችል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት አስጠንቅቀዋል።

ንጹሕ ውኃ ሲነሳ አሁን አሁን ተስፋ የሚጣለው ረቂቅ ቀዳዳዎች ባሉት ስስ ማጣሪያ፣ በሜምብሬን፣ ላይ ነው። አልትራፊልትሬሽን የሚባለው ዓይነት ቀዳዳው ወደ 0.01 ማይክሮን ስለሚጠጋ ባክቴሪያ አያሳልፍም። በፈረንሳይዋ አሞንኩር ለመጠጥ ውኃ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ተውሳክ በአሸዋ ማጣሪያ ሾልኮ ወደ 400,000 ሰው ካሳመመ በኋላ ብዙ ከተሞች ፊታቸውን ወደዚህ ቴክኖሎጂ አዙረዋል። በአሸዋው ያመለጠ ተውሳክ እዚህ አያመልጥም።

ችግሩ መደፈኑ ነው። በተቃራኒ ፍሰት ሲታጠብ የሚለቅ ቆሻሻ አለ፤ በክሎሪንና በአሲድ ተዘፍዝፎም የማይለቅ አለ። ሁለተኛው ነው ሜምብሬኑን ያለ ዕድሜው የሚጥለው፤ ወጪውንም ውሎ አድሮ የሚከፍለው የጅማው የሰቶ ሰመሮ ሰፈር ነዋሪ ነው። ስለዚህ ዕቃውን መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው እላለሁ። ዕጣው የሚወሰነው ውኃው ሜምብሬኑ ጋ ከመድረሱ በፊት በሚሠራው ሥራ ነው።

ያ ሥራ የማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀውን የአልም፣ ማለትም የአሉሚኒየም ሰልፌት፣ መጠን መለካት ነው። የሸክላ ቅንጣትና የበሰበሰ ቅጠል የለቀቀው ቡናማ ቀለም ሁለቱም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ቢቀመጡም አይዘቅጡም። የአዲስ አበባው ለገዳዲ ግድብ ድፍርስነቱ ያስቸገረው በዚህ ጠባይ ነው። የአልሙ አዎንታዊ ሙላት ግፊያውን ሲያጠፋ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ፍሎክ ይሆናሉ። በአሸዋ ማጣሪያ ፍሎኩ ከብዶ መዝቀጥ አለበት። በሜምብሬን ፊት ግን ከቀዳዳው በሚገባ ከተለቀ ይበቃዋል፤ ላዩ ላይ ልል ሽፋን ሠርቶ ይቀመጥና በእጥበት ይነሳል። አልሙ ሲያንስ ቅንጣቶቹ የቀዳዳውን ያህል ብቻ አድገው ውስጡ ይወተፋሉ፤ ያለ አልም ከመሥራትም ሊብስ ይችላል። ሲበዛ አሉሚኒየሙ ራሱ አልፎ ይሄዳል። ፒኤችም ወደ 6 ቢጠጋ ነው ቀለሙ በደንብ የሚያዘው። አልም ፒኤችን ስለሚያወርድ ኖራ ቢያስፈልግ አይገርምም። የጠዋቱ ልክ ከከሰዓት ዝናብ በኋላ ላያገለግል ይችላል፤ ለዚህ ነው በብርጭቆዎች ጎን ለጎን የሚደረገው የመጠን ሙከራ የዕለት ሥራ መሆን ያለበት።

ጅማ ላይ ከሸክላው የባሰ ባላጋራ አለ። ከመስከረም ጀምሮ እሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ሲከፈቱ ገለፈቱና ዝልግልጉ የወጣበት ውኃ ወደ ጅረት ይለቀቃል። የአጋሮው ወደ ዴዴሳ ሲሄድ፣ የሰቃ ጨቆርሳው ግን ወደ ግልገል ግቤ ነው። የዚህን ፍሳሽ ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2008ም በ2012ም የታተሙ ጥናቶች አሳይተዋል። ፍሬውን በእጅ ስንጨምቅ የሚያሙለጨልጨን ፔክቲን ነው፤ ከስኳር ሰንሰለቶች የተሠራ ረጅም ሞለኪውል። ሜምብሬን ላይ ተጣብቀው ከሚያስቸግሩት ዋነኞቹም የዚህ ወገን ናቸው። ሙላታቸው ደካማ የሆኑትን አልም በግማሽ ልብ ነው የሚይዛቸው። የሽፈራው ዛፍም እዚህ አያድንም፤ ፍሬው ድፍርስ ውኃ ማጥራቱ እውነት ነው፣ ነገር ግን የራሱን ፕሮቲንና ስብ ውኃው ውስጥ ይተዋል፤ ያም ለሜምብሬኑ ሌላ መድፈኛ ይሆናል።

ስለዚህ የሜምብሬኑ ጥበቃ የሚጀምረው ቡናው በሚፈለፈልበት ወንዝ ዳር ነው። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት በጅማ ዙሪያ ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ያስገባቸው ውኃ ቆጣቢ የፔናጎስ መፈልፈያዎችና ፍሳሹን የሚቀበሉ የቬቲቨር ሣር መስኮች መንገዱን አሳይተዋል። የውኃ አገልግሎቱና የቡና ባለሥልጣናት ግን ይህን እንደ አንድ ጉዳይ አድርገው ሊይዙት ይገባል። ለጅማ ሜምብሬን የሚያስብ ማንም ቢሆን ጨረታ ከማውጣቱ በፊት ቦዬ ላይ አነስተኛ የሙከራ ማጣሪያ ይትከል። ከሐምሌ ጎርፍ እስከ ኅዳር የቡና ፍሳሽ ድረስ የአልሙን መጠን፣ ፒኤቹንና ግፊቱን ይመዝግብ፤ መዝገቡንም ለዩኒቨርሲቲውና ለከተማው ሕዝብ ይግለጥ።