የሚያመኝ ጉልበቴ አልነበረም፦ ታናናሾቻችንን በስፖርት ክለብ ማን ይጠብቃቸዋል?

የዛሬው ዝግጅታችን ትንሽ ከበድ ይላል። ትናንሽ ልጆች አጠገባችሁ ካሉ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ ወይም ማታ ብቻችሁን ስትሆኑ ስሙት። ማንበብ ለሚቀልላችሁ ደግሞ ጽሑፉ ይኸው።

ርዕሳችን ስፖርት ነው። ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ አይደለም። ታናናሾቻችን ማትናስ ውስጥ፣ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ጁዶ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ማን ይጠብቃቸዋል የሚለው ነው። ይህን ለእናትና ለአባት ሳይሆን ለእናንተ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ላላችሁ፣ የማወራበት ምክንያት አለኝ። በብዙዎቻችን ቤት የክለቡን ወረቀት የምናነበው፣ የምንሞላው፣ "እማ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ" የምንለው እኛ ነን።

እሺ፣ ከራሴ ልጀምር።

የ13 ዓመት ልጅ ሳለሁ የሩጫ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። አሰልጣኛችን ከልምምድ በኋላ በመኪናው ወደየቤታችን ያደርሰን ነበር። እማዬ ማታ ማታ የጽዳት ሥራ ነበራት፣ አባዬም ፈረቃ ስለሚሠራ ማምጣት አይችልም። ስለዚህ አሰልጣኙን በጣም ነበር የሚያመሰግኑት። "እግዚአብሔር ይስጠው፣ እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል" ትል ነበር እማዬ። ቤታችን ሩቅ ስለሆነ ሁልጊዜ መጨረሻ የምወርደው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሌሎቹ ከወረዱ በኋላ ስለ ሰውነቴ አንድ ነገር ተናገረኝ፤ እጁንም ጭኔ ላይ አሳረፈ። ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነበር። አረንጓዴ እስኪበራ ድረስ የተነፈስኩ አይመስለኝም። ከዚያ ቤት አደረሰኝ፣ "ላይላ ቶቭ" አለኝ፣ ወረድኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። "ጉልበቴን ያመኛል" ብዬ ሩጫውን ተውኩ። እማዬ ደንግጣ ኩፓት ሆሊም ወሰደችኝ። ዶክተሩ በዕብራይስጥ ይጠይቃል፣ እኔ ለእማዬ በአማርኛ እነግራታለሁ፤ የእሷን ጥያቄ ደግሞ መልሼ ለእሱ። አንዱን ውሸት በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ። ዶክተሩም ምንም አላገኘም፣ ምክንያቱም ጉልበቴ ምንም አልሆነም።

"ለምን አልተናገርሽም?" ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ ሶሻል ወርክ እየተማርኩ ሳስበው ሁለት ምክንያት አያለሁ።

አንደኛው ይሉኝታ ነው። ታላቅ ሰው ይከበራል፣ ሲናገር አይን አይኑ አይታይም፣ ውለታ የዋለ ሰው አይከሰስም። ደግሞ "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ታላቅን ማክበር ጥሩ ነገር ነው፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ግን ክፉ ሰው ይህን አክብሮት እንደ መጋረጃ ይጠቀምበታል።

ሁለተኛው ብዙ የማይወራበት ነው፤ ትርጉም። አሰልጣኙ ከእማዬ ጋር የሚነጋገረው በእኔ አፍ ነበር። ሲደውል ስልኩን የማነሳው እኔ፣ "ጎበዝ ናት እያለሽ ነው" የምላት እኔ፣ "አመሰግናለሁ በይው" ስትለኝ የማመሰግነው እኔ። ስለዚህ እኔ ዝም ካልኩ እማዬ ጋ የሚደርስ ሌላ መንገድ አልነበረም። አሰልጣኙም ይህን ያውቃል።

ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ ልጁ በአሰልጣኙና በወላጁ መካከል ብቸኛ አስተርጓሚ መሆን የለበትም። ታላቅ ወንድም፣ ታላቅ እህት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ማንም ይሁን፣ አንድ ዕብራይስጥ የሚያውቅ አዋቂ ከክለቡ ጋር በቀጥታ ይነጋገር። ያ አዋቂ እኛ መሆን እንችላለን።

"ወላጅ ነቅቶ ከጠበቀ ይበቃል" የሚሉ አሉ። አይበቃም። ላሪ ናሳር የሚባለውን የአሜሪካ የጂምናስቲክ ብሔራዊ ቡድን ሐኪም ታስታውሱ ይሆናል። በ2018 ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከ150 በላይ ሴቶችና ልጃገረዶች የደረሰባቸው ነገር በችሎቱ ተሰማ። "ሕክምና ነው" እያለ ሲነካቸው አንዳንድ ጊዜ እናት ወይም አባት እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ። እሱ በሰውነቱ ይጋርድ ነበር። እነዚያ ወላጆች ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ልጃቸውን ይወዳሉ፣ ግን ሰውየውን አመኑት። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያለማምደው ልጁን ብቻ አይደለም፣ ቤተሰቡንም ጭምር ነው። ይረዳል፣ ያደርሳል፣ ስጦታ ይሰጣል፣ "ልጃችሁ ልዩ ተሰጥኦ አለው" ይላል። ከዚያ ከልጁ ጋር ትንሽ ምስጢር ይጀምራል። ከዚያ ትንሽ ንክኪ፣ ልጁ ይናገር እንደሆነ ለማየት። ልጁ ዝም ካለ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

መቼም አብዛኞቹ አሰልጣኞች ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ስንቱን ልጅ ከመንገድ ያነሱ አሉ። ግን ጥሩና ክፉ ሰውን ፊቱን አይተን መለየት አንችልም። ስለዚህ የምንተማመነው በሰውየው ደግነት ሳይሆን ለሁሉም እኩል በሚሠራ ደንብ ነው። ደንብ ሲኖር ይሉኝታ አያስፈልግም፤ "አንተን ጠርጥረን ነው" አይባልም፣ "የክለቡ ደንብ ነው" ይባላል። ጥሩውን አሰልጣኝም ከሐሜት ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ታናሻችሁን ስታስመዘግቡ ምን ትጠይቃላችሁ? ዓመቶቹን የምነግራችሁ እዚህ አገር በምንቆጥረው ነው።

መጀመሪያ የፖሊስ ወረቀት። በ2001 በወጣ ሕግ መሠረት፣ ልጆች ባሉበት ቦታ አዋቂ ወንድ ከመቀጠሩ በፊት አሠሪው በወሲብ ወንጀል እንዳልተፈረደበት የሚያሳይ የፖሊስ ማረጋገጫ መቀበል አለበት። ወረቀቱን ለእናንተ ማሳየት ላይጠበቅባቸው ይችላል፤ ግን "ከሁሉም አሰልጣኞች ተቀብላችኋል ወይ?" ብሎ ሥራ አስኪያጁን መጠየቅ ነውር አይደለም። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ተፈረደበት ሰው ነው። ማንም ያልከሰሰው ሰው ወረቀቱ ንጹሕ ነው። የእኔ አሰልጣኝም ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፣ እኔ አልተናገርኩማ። ስለዚህ ወረቀቱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አሰልጣኙ የማሠልጠን የምስክር ወረቀት አለው ወይ? የ1988ቱ የስፖርት ሕግ ይህን ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ አንድ አዋቂና አንድ ልጅ ለብቻቸው፣ ከሰው ዓይን ተሰውረው የሚሆኑበት ጊዜ አለ ወይ? ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ማሳጅ፣ መኪና፣ አዳር ያለው ጉዞ፤ እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁ። በጉዞ ላይ ልጆቹ የት ይተኛሉ? አዋቂዎቹስ? በመኪና መሸኘት ካለ ቢያንስ ሁለት ልጆች እስከ መጨረሻው አብረው ይሁኑ፣ ወላጅም ይወቅ።

አራተኛ፣ መልእክት። አሰልጣኙ ለልጁ በዋትስአፕ ለብቻው ይጽፋል ወይስ ወላጆች ባሉበት ቡድን? ሁለተኛው ነው ትክክሉ። "የነገው ልምምድ በ5 ሰዓት ነው" የሚል መልእክት ምስጢር አያስፈልገውም። እማ ዕብራይስጥ ካላነበበች እናንተ ቡድኑ ውስጥ ግቡ።

አምስተኛ፣ ወላጅ መጥቶ ልምምድ ማየት ይችላል ወይ? "እንዳትገቡ፣ ልጆቹ ይረበሻሉ" የሚባል ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ስድስተኛ፣ ልጁ አሰልጣኙን ፈርቶ ከሆነ ለማን ይናገራል? ስሙን የሚያውቀው ሌላ ሰው ሊኖር ይገባል። እዚህ ላይ የማወራው ስለ ንክኪ ብቻ አይደለም። ስድብ፣ በሰው ፊት ክብደት እየመዘኑ ማሳፈር፣ የተጎዳን ልጅ "ወንድ ሁን" ብሎ ማጫወት፣ ከደጋፊ መካከል "ኩሺ" ብሎ መጮህ፤ ክለቡ ይህ ሁሉ ሲሆን ምን ያደርጋል? ስድብ ሲሰማ ዝም የሚል ክለብ ሌላውንም ሲያይ ዝም ይላል ብዬ እፈራለሁ።

አሁን ደግሞ፣ አያድርገውና፣ ታናሻችሁ አንድ ነገር ቢነግራችሁስ?

ተረጋግታችሁ ስሙት። "እውነት ነው?" "ለምን እስካሁን ዝም አልክ?" አትበሉ። "ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም" በሉት። "ለማንም አልናገርም" ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ መናገር ሊኖርባችሁ ነው። የተናገረውን በራሱ ቃል፣ በተናገረበት ቋንቋ ጻፉት። ከዚያ በላይ እየደጋገማችሁ አትጠይቁት። እዚህ አገር ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ እንዲህ ባለ ጉዳይ የሚጠይቅ የሠለጠነ የልጆች መርማሪ አለ፤ ቤት ውስጥ አሥር ጊዜ የተጠየቀ ልጅ ግን ግራ ይጋባል፣ ቃሉም ይደበላለቃል። አሰልጣኙ ጋ ሄዳችሁም አትጋጩ። ያስጠነቅቀዋል እንጂ አይጠቅምም።

ከዚያ ደውሉ። 118 የዌልፌር ሚኒስቴር መስመር ነው፤ አደጋው አሁኑኑ ከሆነ ፖሊስ፣ 100። ነገሩ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ፎቶ ከሆነ 105። ለራሳችሁ ማውራት ከፈለጋችሁ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን፣ የወሲብ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች 1202፣ ለወንዶች 1203 አለ። ደግሞም መናገር ምርጫ ብቻ አይደለም። ከ1989 ጀምሮ ባለው ሕግ፣ በልጅ ላይ ኃላፊነት ያለው ሰው ልጁን ጎድቷል ብሎ ለማመን ምክንያት ያለው ማንኛውም ሰው ለዌልፌር ሠራተኛ ወይም ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። መርምራችሁ ማረጋገጥ የእናንተ ሥራ አይደለም።

"ገመናችን አደባባይ ይወጣል፣ ሰው ምን ይላል" የሚል ይኖራል፣ አውቃለሁ። ለእሱ ደግሞ የራሳችን ተረት አለን፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ወደ ቤቴ ልመለስና ልጨርስ። ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ኳስ ልጀምር አለ። 11 ዓመቱ ነው። እማዬ የምዝገባውን ወረቀት ሰጠችኝና "የት ልፈርም?" አለችኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። የዚያን ቀን ነው የነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ "እኔ ጉልበትሽን ቅቤ እየቀባሁ ሳሽ ነበር እኮ" አለች። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። አልተቆጣችኝም። እኔ ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ቁጣዋን ነበር።

በማግስቱ ክለቡ ድረስ ሄጄ እነዚያን ስድስት ጥያቄዎች ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ "ምነው፣ የሆነ ነገር አለ?" አለችኝ። "የለም፤ ሳይሆን ነው የምጠይቀው" አልኳት። የፖሊሱ ወረቀት ከሁሉም አሰልጣኞች ተቀብለዋል። ስለ መኪና ግን ደንብ አልነበራቸውም። ሥራ አስኪያጁ ቁጭ ብሎ ሰማኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በወላጆች ቡድን ላይ ጻፉ፦ ማንም አሰልጣኝ አንድን ልጅ ለብቻው አይሸኝም። እኔም በአማርኛ ድምፄን ቀድቼ ለሌሎቹ እናቶች ላክሁላቸው።

ወንድሜ ግን ሦስት ቀን አኮረፈኝ። "አሳፈርሽኝ" አለ። በአራተኛው ቀን ማታ ክፍሌ መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ትልልቆቹ ልጆች አንዱን ትንሽ ልጅ እየገፈተሩ ይስቁበታል አለኝ። "ለማን ነው የሚነገረው?" ብሎ ጠየቀኝ። ስሙን ነገርኩት፤ በማግስቱ አብረን ሄድን።

ይኸው ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ፦ ታናሻችሁ የሚሄድበትን ክለብ ስልክ ፈልጋችሁ አንዷን ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን ደህና ሁኑ፣ ሻባት ሻሎም።