የራጅና የሕክምና ክፍሎች ሲታደሱ አርክቴክት የሚመረጠው በምን ሚዛን ነው?

በጋሞ ዞን የሚገኙ ሰበካ ጉባኤያት ለጤና ተቋም ዕድሳት መዋጮ እንዲያሰባስቡ፣ አልፎም በኮሚቴ ውስጥ ተወካይ እንዲያስቀምጡ የሚጠየቁበት ጊዜ አለ። ገንዘቡ የምእመናን በመሆኑ ሁሉም አስቀድሞ የሚመለከተው ዋጋን ነው። ሆኖም የራጅ ክፍል እንደ አዳራሽ በቀለምና በሴራሚክ ብቻ አይታደስም፤ ትልቁ ጉድለቱ በዐይን አይታይምና። ስለዚህ ኮሚቴው አርክቴክት ከመምረጡ በፊት ሊመረምራቸው የሚገቡትን ነጥቦች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የጨረራ ጉዳይ ነው። የራጅ ጨረር ግድግዳን አልፎ ይሄዳል። ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት እንደ ጥቅጥቅ ኮንክሪት ወይም እንደ እርሳስ ንጣፍ አይከላከልም። የግድግዳው ውፍረት የሚወሰነው በመሣሪያው ኃይል፣ በሳምንት በሚነሡ ታካሚዎች ብዛት፣ በርቀትና ከግድግዳው ጀርባ በሚቀመጠው ሰው ማንነት ነው። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ለባለሙያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት፣ ለሕዝብ ግን 1 ሚሊሲቨርት ብቻ ወሰን አድርጓል። ከግድግዳው ማዶ ተራ የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር እናት በሁለተኛው ወሰን ውስጥ ናት። በአንጻሩ አልትራሳውንድ እንዲህ ያለ ጨረር ስለሌለው ለእርሱ እርሳስ ማልበስ ገንዘብ ማባከን ነው። ይህን ልዩነት አጥርቶ የማያስረዳ አርክቴክት ለሥራው አልተዘጋጀም።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። የጨረራ መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 መሠረት በፈቃድ የሚተዳደር ነው። የሕንፃ አዋጁ ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። እንግዲህ ተወዳዳሪው የሙያ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን የጨረራ ስሌቱን የሚሠራለትን ባለሙያም በስም ማቅረብ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የቦታው ጠባይ ነው። አርባ ምንጭ በስምጥ ሸለቆ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ የራጅ መሣሪያ ማቀዝቀዣና የተስተካከለ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል፤ የመሬት መንቀጥቀጥም በንድፉ ሊታሰብ ይገባል። ጨንቻ ግን ደጋ ናት፤ ብርዱና እርጥበቱ ሌላ መፍትሔ ይሻል። የዶርዜ ሰው የቀርከሃ ቤቱን ረጅም አድርጎ ይሠራል፤ ምስጥ ከሥር ሲበላውም ቤቱ ዝቅ እያለ ለዓመታት ያገለግላል። ንድፍ ከቦታው ሲነሣ እንዲህ ይጠቅማል።

አራተኛው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ሆስፒታል ለዕድሳት ተብሎ በሩን አይዘጋም። አቧራው ወደ ቁስል ማጠቢያው እንዳይገባ፣ ቃሬዛ የሚያልፍበት መተላለፊያ እንዳይዘጋ፣ የእጅ መታጠቢያውና የፍሳሽ መስመሩ እንዳይቋረጥ ሥራው በምዕራፍ ተከፍሎ መቅረብ አለበት። ኮሚቴው ተወዳዳሪው ቀድሞ የሠራውን የጤና ተቋም ሄዶ ይመልከት፤ የራጅ ባለሙያዎችንና ነርሶችንም ይጠይቅ።

ምርጫው በሁለት ፖስታ ቢደረግ መልካም ነው፤ አስቀድሞ የሙያ ብቃቱ፣ ቀጥሎ ዋጋው ይከፈታል። ለምሳሌ ለብቃት 80፣ ለዋጋ 20 ነጥብ እንመድብ። አንደኛው ተወዳዳሪ በብቃት ከመቶ 90 አግኝቶ 400,000 ብር ቢጠይቅ፣ ሁለተኛው 70 አግኝቶ 300,000 ብር ቢጠይቅ፣ የመጀመሪያው 72 እና 15 በድምሩ 87፣ ሁለተኛው 56 እና 20 በድምሩ 76 ያገኛል። በዋጋ ብቻ ቢታይ ሁለተኛው ባሸነፈ ነበር። የ100,000 ብሩ ቁጠባ ግን ተሠርቶ ያለቀ ግድግዳ ፈርሶ እንደገና ቢሠራ አይተርፍም።

ውሉ ሲፈረም ክፍያው ንድፍ በማስረከብ ብቻ እንዳይጠናቀቅ፣ አርክቴክቱም ከመሣሪያ ሻጩ ጋር የጥቅም ትስስር እንዳይኖረው በጽሑፍ ይስፈር። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው በር፣ መስኮትና ግድግዳው በጨረር መለኪያ ተፈትሸው ውጤቱ በጽሑፍ ሲቀርብ ይሁን።

ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ በወንጌል ተምረናል። ለሰበካ ጉባኤያት ስሌቱ ከብሩ በተጨማሪ በዚያ ክፍል ለዓመታት የሚሠራውን ባለሙያና ከግድግዳው ማዶ የሚቀመጠውን ታካሚ ይጨምራል። የጉባኤው ተወካይ በኮሚቴው ሲቀመጥ የጨረራውን ስሌት ማን እንደሠራው ይጠይቅ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።