የቆመች ቮልስዋገን የቤንዚን መሥመር እንዴት ይታደሳል?

ቮልስዋገን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ለብዙ ዘመን የኖረች መኪና ስለ ሆነች መልኳን ለአንባቢ መግለጥ አያስፈልገንም። እኛ ሦስት ተማሪዎች ባለፈው ክረምት፣ በአንደኛው ጓደኛችን አጎት ግቢ ውስጥ 11 ዓመት የቆመችውንና እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራችውን አንዲት ቮልስዋገን እንድናስነሣ ተፈቀደልን። ባትሪ ተለወጠላት፤ ካንዴላዎቿም ብልጭታ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ሩብ ሰዓት ያህል ሠርታ ትጠፋለች። ይህን ለመጻፍ የተነሣነው ሌሎችም እኛ በተሳሳትንበት መንገድ ሲሳሳቱ ስላየን ነው። ስሕተቱም ይህ ነው፤ ሕመሙ የሚታየው በካርቡራተሩ ላይ ስለ ሆነ መድኀኒቱም እዚያው ይፈለጋል።

በመጀመሪያ የቤንዚኑን ጉዞ እንመልከት። በዚህች መኪና ሞተሩ ከኋላ፣ ታንኩ ከፊት ነው። 40 ሊትር ያህል ከሚይዘው ታንክ የሚወጣው ቤንዚን በደቃቅ ወንፊት ካለፈ በኋላ፣ በወለሉ መካከል በተዘረጋ ቀጭን የብረት ቱቦ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያም በጎማ ቱቦ ወደ ፓምፑ ይገባል። ፓምፑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በሞተሩ በራሱ ኀይል ነው፤ ሞተሩ ሲዞር አንዲት አጭር ዘንግ ከፍና ዝቅ እያለች በፓምፑ ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ታንቀሳቅሳለች። ካርቡራተሩ ሶሌክስ 28 ፒክት የሚባለው ነው። በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ሲል መርፌ መሰሉን መዝጊያ ይዘጋል፣ ዝቅ ሲል ይከፍታል፤ አሠራሩ በመጸዳጃ ቤት የውኃ ሣጥን ውስጥ ካለው ኳስ የተለየ አይደለም። ቀጥሎ ቤንዚኑ የሚያልፍባት የናስ ቀዳዳ፣ ማለት ጂግለር፣ ስፋቷ ከ1 ሚሊሜትር የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለች ጠባብ በር፣ የዛገ ታንክ የሚልክላትን ሁሉ እንዴት ልታሳልፍ ትችላለች?

ቤንዚን እንደ ጠጅ ሲቆይ አይጣፍጥም። የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ስለ ሆነ ቀላሎቹ ቀድመው ይተናሉ፤ ሞተርን በብርድ የሚያስነሡት ግን እነዚሁ ናቸው። ከቀሩት ውስጥ ኦሌፊን የሚባሉት ከአየር ኦክሲጅን ጋር እየተዋሐዱ ሙጫ መሰል ነገር ይሆናሉ። በጎደለ ታንክ ውስጥ ደግሞ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የአየሩ እርጥበት ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ ውኃም ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ተቀምጦ ላሜራውን ያዝገዋል። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 5 ከመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ 10 ከመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ለዓመታት ይሸጥ ነበር። ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ ውኃው ሲበዛም አብሮት ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ታች ይወርዳል። የዚያ ዘመን ጎማም ኢታኖልን ታስቦ የተሠራ አይደለም።

ይህን ሁሉ እያነበብን እንኳ ካርቡራተሩን ሦስት ጊዜ ፈትተን አጠብነው። ያማከርነው አንድ ባለ ጋራዥ «ካርቡራተር ለውጡ» ሲል ዋጋውንም ነገረን፤ ከወጪው ያዳነን ጥበባችን ሳይሆን የገንዘብ ማጣታችን ነው። በአራተኛው ጊዜ የታንኩን አራት ብሎኖች ፈትተን ብንገለብጠው አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ ቡናማ ዝገት ወጣ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው ነው።

ታንክ ለማጠብ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የቤንዚን ትነት የሚቀጣጠለው በአየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 ከመቶ ያህል ሲሆን ነው። ሙሉ በሆነ ታንክ ውስጥ ትነቱ ከዚህ ስለሚበልጥ በውስጡ አይነድም፤ ባዶ ነው የተባለው ታንክ ግን ልክ በዚህ መጠን መካከል ሊገኝ ይችላል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድም በመሬት ላይ ተስቦ ከሩቅ እሳት ይደርሳል። በዚያ ቀን በረንዳው ላይ ቡና ይፈላ ነበርና የመኪናዋ ባለቤት «እናንተ ልጆች፣ ቤቴን እንዳታነዱብኝ» ቢሉን ታንኩን ወደ ግቢው ሌላ ጫፍ ወሰድነው። በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግመን ካጠብነው በኋላ ጠጠር ጨምረን ነቀነቅነው። ቀጥሎም በ10 ሊትር ሙቅ ውኃ ግማሽ ኪሎ ያህል ሲትሪክ አሲድ በጥብጠን አሳደርንበት፤ በማግሥቱ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አለቅልቀን በፀሐይ አደረቅነው። እርጥብ ሆኖ ከቆየ ወዲያው ይዝጋልና ሲደርቅ ዘይት ጠብ የተደረገበት ቤንዚን በውስጡ አዟዟርንበት።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንዲባል የምንፈልገው ግን የጎማው ቱቦ ነገር ነው። በክር የተሸፈነው አሮጌ ቱቦ ከውጭ ደኅና ይመስላል፤ ስናጥፈው ግን ከክሩ ሥር እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አገኘነው። በዚህች መኪና ቱቦው የሚያልፈው ከዲስትሪቡተሩና ከጋለው ሞተር አጠገብ ስለ ሆነ፣ ጠብታ ቤንዚን መኪናዋን ለማቃጠል ይበቃል። ወደ ካርቡራተሩ የሚያስገባት አጭር የናስ ቱቦም ተጠቅጥቃ የገባች እንጂ በጥርስ የታሰረች አይደለችምና በእጅ ተይዛ መፈተን አለባት፤ የእኛዋ ትነቃነቅ ነበር። ማጣሪያን ከዲስትሪቡተሩ በላይ ማንጠልጠል የተለመደ ቢሆንም ክፉ ልማድ ነው፤ እኛ ከፊት፣ ከታንኩ ሥር አደረግነው። ኢታኖልን የሚችል አዲስ ቱቦ ዋጋው ከአንድ ምሳ ብዙ አይበልጥም።

የፓምፑን ሽፋንና የካርቡራተሩን መርፌ መለወጥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ጂግለሯ ግን ጥቂት ሒሳብ ጠየቀችን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነች፣ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠረፉ አራት አምስተኛ ግድም ነው። የድብልቁ ውፍረት በእፍጋቱ ካሬ ሥር መጠን ስለሚለወጥ፣ ለዝቅተኛ አገር የተመረጠች ጂግለር እዚህ ከሚገባው በላይ 12 ከመቶ ያህል ቤንዚን ትሰጣለች ማለት ነው። በእኛዋ ላይ 122.5 የሚል ቁጥር ነበረባት፤ ቁጥሩ የቀዳዳዋን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ያመለክታል። ቤንዚኑ የሚያልፈው በቀዳዳዋ ስፋት ካሬ ልክ ነው ብለን ብናሰላ 115 መጣልን፤ በእርሷም ተካናት። ከሳምንት በኋላ ካንዴላዎቹን ብንፈታቸው ጥቀርሻው ጠፍቶ ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ ተገኘ፤ መኪናዋም የእንጦጦን ዳገት ሳትጠፋ ወጣች።