ለፎቶ ኤዲቲንግ ኮምፒውተር ስንገዛ፦ ከ«ኮር አይ ሰቨን» በፊት ስክሪኑን እንይ



የዒድ ሰላት፣ ኒካሕ፣ የሒፍዝ ምርቃት፣ የመስጂድ ግንባታ ገቢ ማሰባሰቢያ... ካሜራ የማይታይበት ዝግጅት እየጠፋ ነው። የራሳቸው የሚዲያ ክፍል ያላቸው የመስጂድ ጀማዓዎች በርክተዋል፤ በፎቶ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወንድሞችና እህቶችም ብዙ ናቸው። ካሜራው ከተገዛ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ታዲያ አንድ ነው፦ ፎቶውን ኤዲት የምናደርግበት ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንግዛ? ሱቅ ስትገቡ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፦ «ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ግራፊክስ ካርድ አለው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ገንዘቡ ግን ከጀማዓው በመዋጮ የተሰበሰበ ወይም ዓረብ አገር ያለች እህት ለፍታ የላከችው ሊሆን ይችላል። ያንን በአንድ ተለጣፊ ወረቀት ተማምኖ ማውጣት ከባድ ነው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የብር መጠን አልጠቅስም፤ ያለን ገንዘብ መጀመሪያ የት ላይ ይዋል የሚለውን ነው የማነሳው።

በእኔ እምነት መጀመሪያ መታየት ያለበት ስክሪኑ ነው። ሱቅ ውስጥ ማንም የማይጠይቀውም እሱ ነው።

የዒድ ጠዋት ፎቶ አስቡ። ሰጋጆች ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። የልብሱ እጥፋት፣ የአንገቱ ጥልፍ፣ የኮፍያው ስፌት ሁሉም ከነጭ በጥቂቱ የተለየ ነጭ ነው። ደካማ ስክሪን ይህን ልዩነት ይውጠውና አንድ ወጥ ነጭ አድርጎ ያሳያል። ኤዲት የሚያደርገው ልጅ «ተቃጥሏል» ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፎቶው በሌላ ሰው ስልክ ሲከፈት ጨልሞ ይገኛል። የጥቁር ዓባያ ችግር ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የጨርቁ እጥፋት ስለማይታየው ኤዲተሩ ጥላውን ሲያነሳ ሲያነሳ፣ ሲታተም ዓባያው ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የፊት ቀለምም እንዲሁ ነው፤ ሙሽራው በአልበሙ ላይ የቢጫ በሽታ የያዘው የሚመስለው ብዙ ጊዜ በካሜራው ጥፋት አይደለም።

ስለ ቀለም ሻጩን ስትጠይቁ ሁለት ስሞች ትሰማላችሁ። ኤስአርጂቢ የሚባለው ስልኮችና ድረ ገጾች በአብዛኛው የሚጠቀሙበት የቀለም ክልል ነው። ለእኛ ሥራ ስክሪኑ ይህንን 100 በመቶ ወይም ለዚያ የቀረበ ቢሸፍን በቂ ነው። አንዳንድ አምራቾች ግን በኤንቲኤስሲ መለኪያ ይጽፉታል። «ኤንቲኤስሲ 72 በመቶ» ካለ ሙሉ ኤስአርጂቢ ነው ማለት ይቻላል። «ኤንቲኤስሲ 45 በመቶ» ካለ ግን ከኤስአርጂቢ ሁለት ሦስተኛውን እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ በብዛት የሚገጠመው ይኸኛው ነው፤ አይ ሰቨን የሚል ተለጣፊ ባለበት ላፕቶፕ ላይም ጭምር። የስክሪኑን ዓይነትም ጠይቁ። አይፒኤስ ከሆነ ከጎን ስታዩት ቀለሙ ብዙ አይለወጥም። ቲኤን ከሆነ አንገታችሁን ከፍ ዝቅ ባደረጋችሁ ቁጥር ፎቶው ሌላ ይሆናል፤ በዚህ ላይ ስለ ቀለም መወሰን አይቻልም።

ቁጥሩ ግራ ካጋባችሁ ቀላል ፈተና አለ። አራት ፎቶ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፦ በቀትር ፀሐይ የተነሳ ነጭ ጀለቢያ፣ ቤት ውስጥ የተነሳ ጥቁር ዓባያ፣ በአካል የምታውቁት ሰው ፊት፣ እና ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ እያለ የሚሄድ ግራጫ ምስል። ሁለት ላፕቶፕ ጎን ለጎን አስከፍቱና አንድ ዓይነት ፎቶ በሁለቱም ላይ ተመልከቱ። ሌሊት ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚያደላው «ናይት ላይት» መጥፋቱን አረጋግጡ። ግራጫው ምስል እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ከታየ፣ ወይም የጀለቢያው ጥልፍ ከጠፋ፣ ሻጩ ስለ ፕሮሰሰሩ የሚነግራችሁ ምንም አይጠቅማችሁም።

ማሽኑ ከሚዲያ ክፍሉ የማይወጣ ከሆነ ዴስክቶፕ መግዛት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። በአንድ ላፕቶፕ ዋጋ መካከለኛ ዴስክቶፕና ጥሩ ሞኒተር ማግኘት ይቻላል፤ ሲበላሽም ክፍሉ ለብቻው ይቀየራል። መብራት ሲጠፋ ሥራው ተቀምጦ እስኪዘጋ የሚያቆይ ዩፒኤስ ግን አብሮ መታሰብ አለበት። ላፕቶፕ ያላችሁም ብትሆኑ ጥሩ ሞኒተር ገዝቶ መሰካት አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት የሚቀድምበት ጊዜ ብዙ ነው። የሞኒተርን ቀለም የሚያስተካክል እንደ ስፓይደር ያለ መለኪያ መሣሪያ አለ። ለአንድ ሰው ውድ ነው፤ ግን በወር አንዴ ብቻ ስለሚያስፈልግ አምስት ስድስት ጀማዓዎች በጋራ ገዝተው ቢቀባበሉት ይበቃቸዋል።

ከስክሪኑ ቀጥሎ ራም ነው። 8 ጊጋባይት ዛሬ ለዚህ ሥራ ያንሳል፤ አዶቤ ራሱ ለላይትሩም ክላሲክ የሚመክረው 16 ነው። በርካታ ፎቶ እየገጣጠመ ሰፊ ምስል ለሚሠራ 32 ይሻላል። እዚህ ላይ ከቁጥሩ የሚበልጥ ጥያቄ አለ፦ ራሙ ይጨመራል ወይስ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው? የሚጨመርበት ቦታ ካለው ዛሬ በ8 ጀምሮ ገንዘብ ሲገኝ መጨመር ይቻላል። የተበየደ ከሆነ፣ እንደ 2020 ወዲህ የወጡት ኤም ቺፕ ያላቸው ማክቡኮች፣ የገዛችሁት መጠን እስከ መጨረሻው ያው ነው። በዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ «ሜሞሪ» የሚለውን ብትጫኑ ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ያሳያል።

ማስቀመጫን በሚመለከት ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ በሮው ሲያነሳ አንዱ ፎቶ 30 ሜጋባይት አካባቢ ቢይዝ፣ 1,500 ፎቶ የተነሳበት አንድ ኒካሕ 45 ጊጋባይት ነው። 256 ጊጋባይት ከዊንዶውስና ከፕሮግራሞች የተረፈው ቦታ በጥቂት ኒካሕ ይሞላል። 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ውስጡ፣ ከውጭ ደግሞ ሁለት ተራ ሀርድ ዲስክ ቢኖር ጥሩ ነው። ሁለት ያልኩት አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲኖር ነው፤ ሁለተኛውን ሌላ ቤት አስቀምጡት። በነገራችን ላይ የአሁኑ ማሽናችሁ የዘገየው በአሮጌው ተሽከርካሪ ሀርድ ዲስክ ከሆነ መጀመሪያ እሱን በኤስኤስዲ ቀይሩ። ሀርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ ተራው ኤስኤስዲ 500 አካባቢ ያነባል። ምናልባት አዲስ ኮምፒውተር መግዛቱ ራሱ ላያስፈልግ ይችላል።

አሁን ወደ «ኮር አይ ሰቨን» እንምጣ። ስሙ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይነግራችኋል፦ አይ7-6600ዩ 6ኛ ትውልድ ነው፣ አይ5-8250ዩ 8ኛ ነው፣ አይ7-1165ጂ7 ደግሞ 11ኛ። የመጀመሪያው አይ ሰቨን ቢባልም ያለው ሁለት ኮር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው አይ ፋይቭ ሆኖ አራት ኮር አለው። ፎቶዎችን በጅምላ ወደ ጄፔግ በሚቀይርበት ጊዜ «ዝቅተኛው» በግልጽ ይቀድማል። ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። በርካሽ የሚሸጡት የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ማሽኖች የረከሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ግራፊክስ ካርድ ለተራ የፎቶ ኤዲቲንግ የግድ አይደለም። ብርሃን ባነሰበት አዳራሽ የተነሳን ፎቶ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ከነጠብጣብ የሚያጸዳውን የላይትሩም አገልግሎት አዘውትሮ የሚጠቀም ሰው ግን ልዩነቱን ያየዋል።

ፕሮግራሙም የግዢው አካል ነው። ሻጩ «ፎቶሾፕ ጭኜ እሰጣችኋለሁ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ቅጂ ማለቱ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው 5ኛ ጉባኤው የድርሰት፣ የፈጠራና የንግድ ምልክት መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁና ሊደፈሩ የማይገባቸው መሆናቸውን ወስኗል። ለመስጂድ ሥራ በሚውል ማሽን ላይ ይህን ማቃለል አይገባም። በውጭ ምንዛሪ በየወሩ መክፈል ለብዙዎቻችን እንደሚያስቸግር ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ዳርክቴብል፣ ሮው ቴራፒ እና ጊምፕ ያለ ክፍያ የሚገኙ፣ ለሌላም ማካፈል የተፈቀደባቸው ፕሮግራሞች ናቸው። ካኖንና ኒኮንም ለካሜራዎቻቸው የሮው ፕሮግራም በነጻ ይሰጣሉ። ለመልመድ ጥቂት ሳምንት ይወስዱ ይሆናል እንጂ ሥራውን ይሠራሉ።

ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ስለሆነ ስለ ሽያጩ ጥቂት ልበል። ሙስሊም በዘገበው ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው እርጥበት አገኙ፤ ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁትና የሚያጭበረብር ከእርሳቸው እንዳልሆነ አስታወቁ። ላፕቶፕም ከላይ ተወልውሎ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እጅ ወደ ውስጥ ይግባ። ባትሪው መጀመሪያ ከነበረው አቅም ስንቱ እንደቀረ የሚያሳየውን የባትሪ ሪፖርት አስወጡ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የዲስኩን ጤንነት ተመልከቱ። ስክሪኑን ሙሉ ነጭ፣ ከዚያ ሙሉ ጥቁር አድርጋችሁ ነጥብና ጥላ ፈልጉ። ከውጭ አገር ድርጅቶች የወጡ ማሽኖች ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ችግር አለ፦ የባዮስ የይለፍ ቃል ወይም የድርጅቱ መቆጣጠሪያ ሳይነሳላቸው ይሸጣሉ። ሻጩ ፊት ሪሴት አስደርጋችሁ ኢንተርኔት ላይ አገናኙት፤ የማታውቁት ድርጅት ስም ብቅ ካለ ተዉት። በማክቡክ ላይ የቀድሞው ባለቤት አካውንት አለመቅረቱን አረጋግጡ። ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር በሰው የሚመጣ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን አስነብቡ፤ ከዚያ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል።

ፊቅሁ ለገዢ የሰጠው መብትም አለ፤ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። ኺያሩ ሸርጥ ማለት ገዢና ሻጭ በተስማሙበት ቀን ውስጥ ሽያጩን የመመለስ መብት ነው። በኢማሙ ሻፊዒይና በኢማም አቡ ሐኒፋ ዘንድ ከሦስት ቀን አይበልጥም። ሦስት ቀን ለላፕቶፕ በቂ ነው፤ ሁለት ሦስት መቶ ፎቶ አስገብታችሁ ስትሠሩበት የሚሞቀውና የሚጠፋው ራሱን ያሳያል። ስምምነቱን በደረሰኙ ጀርባ አስጽፉት። ከዚህ ተለይቶ ኺያሩል ዓይብ አለ፤ ከሽያጩ በፊት የነበረ ድብቅ ጉድለት ሲገኝ የመመለስ መብት ነው፣ ቀድሞ ባትስማሙም ይኖራል። ጉድለቱን እንዳወቃችሁ ግን ወዲያው አሳውቁ፤ እያወቃችሁ መጠቀማችሁን ከቀጠላችሁ መብቱ ሊቀር ይችላል።

ለጀማዓው የሚገዛው ወንድም ደግሞ ወኪል ነው። ሻጩ ቅናሽ ካደረገ ቅናሹ የጀማዓው ነው። «ለአንተ ኮሚሽን አለችህ» ካለም ያቺ ኮሚሽን ላከው ጀማዓ ሳትነገር ኪስ ውስጥ የምትገባ አይደለችም። ለድካሙ ክፍያ የሚያስፈልገው ከሆነ አስቀድሞ በግልጽ ይነጋገር፤ ነውር የለውም።

አዲሱ ማሽን ሲገባ አሮጌው መሸጡ አይቀርም። በውስጡ ግን በሴቶች ክፍል ለቤተሰብ ብቻ ተብሎ የተነሱ የእህቶች ፎቶ አለ። ፋይሉን ዲሊት ማድረግ አያጠፋውም፤ በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ተመልሶ ይወጣል። ለተሽከርካሪ ሀርድ ዲስክ «ኩዊክ» ያልሆነውን ሙሉ ፎርማት ተጠቀሙ። ለኤስኤስዲ በዊንዶውስ ሪሴት ውስጥ «ክሊን ዳታ» የሚለውን ምርጫ አብሩ። በአዲሱ ላይ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ቀን ዲስኩን በቢትሎከር ቆልፉት፤ ይህ በዊንዶውስ ፕሮ ላይ ይገኛል፣ በማክ ፋይልቮልት ይባላል። ማሽኑ ቢሰረቅ እንኳ ፎቶው አይከፈትም። የመክፈቻ ቁልፉን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ከኮምፒውተሩ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ እሱ ከጠፋ ለእናንተም አይከፈትም።