የዒድ ከዕክ፦ ለመስጠት የተጋገረ ብስኩት



የረመዷን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ሲገቡ በካይሮ፣ በኻርቱም፣ በደማስቆና በባግዳድ ከየቤቱ የሚወጣው መዓዛ ይለወጣል። የተነጠረ ቅቤ፣ የተቆላ ሰሊጥ፣ የተምርና የቅመም ሽታ ሰፈሩን ይሞላዋል። የዒድ ከዕክ እየተጋገረ ነው። በዛሬው ዝግጅታችን የምናወጋችሁ ስለዚህ ብስኩት ነው። ርዕሱ ቀለል ያለ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በየዓመቱ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሳል። አንዱ «ይህ ነገር የፈርዖኖች ልማድ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ፣ በእኛ አመለካከት ክብደቱ የሚበልጠው፣ «አቅም የሌለው ቤተሰብስ ምን ይሁን?» የሚል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ምንነቱ እንነጋገር። «ብስኩት» የምንለው ቃል ምንጩ ላቲን ሲሆን ትርጉሙም «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ማለት ነው። ዳቦው ከተጋገረ በኋላ ተቆራርጦ እንደገና ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ውኃው ተሟጦ ሲወጣ ለብዙ ሳምንታት ሳይሻግት ይቆያል። ዐረቦች ይህን ደረቅ ዳቦ ቡቅሱማጥ ይሉታል። ከግብፅና ከሻም ወደ መካ የሚጓዙ የሐጅ ቅፍለቶች ስንቃቸው እሱ ነበር። እኛ ዘንድ ለመንገደኛ ዳቦ ቆሎ የሚቋጠረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ደረቅ ነገር አይበላሽም።

ከዕክ ግን ሁለት ጊዜ አይበስልም። እሱን የሚያቆየው ቅቤ ነው። ሴቶቹ ቅቤውን አግለው ዱቄቱ ላይ ያፈሱና በጣቶቻቸው መካከል ለረጅም ጊዜ ያሹታል። ሥራው እዚህ ላይ ነው፤ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው። ቅቤው እያንዳንዷን የዱቄት ቅንጣት ሲሸፍናት በኋላ የሚጨመረው ጥቂት ወተት ወይም ውኃ ዱቄቱን እንደ ዳቦ ሊጥ እንዲለጠጥ አያደርገውም። ስለዚህ ሲበስል አፍ ውስጥ ይፈረፈራል። ቅቤውም ተነጥሮ ውኃውና አረፋው ስለወጣለት ቶሎ አይሸትም። በውስጡ ተምር፣ ለውዝ ወይም በማርና በቅቤ የበሰለ ዐጀሚያ የሚባል ሙሊት ይገባበታል። ከላይ በትንሽ መቆንጠጫ ጌጥ ይወጣለታል። በሰሌዳ ተደርድሮ ወደ ሰፈሩ ፉርን (የዳቦ መጋገሪያ ቤት) ይላካል።

የሻሙ ወንድሙ መዕሙል ይባላል። እሱ ከዱቄት ይልቅ ከሰሞሊና ይሠራል፤ ሊጡም ከቅቤው ጋር ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። የእንጨት ቅርጽ ማውጫ አለው። ውስጡ ምን እንዳለ ከላይ ሲታይ እንዲታወቅ ለተምር፣ ለለውዝና ለፒስታሽዮ የተለያየ ቅርጽ ይወጣለታል። በቤሩት ቤቶች ተቀጥረው የሠሩ እህቶቻችን ይህን ሥራ በእጃቸው ያውቁታል። እዚያ አገር ሙስሊሙ ለዒድ፣ ክርስቲያኑም ለፋሲካው ይጋግረዋል። ኢራቃውያን ክሌቻ የሚሉት በተምርና በሄል የተሞላ ጥቅል አላቸው። ኢንዶኔዥያውያን ደግሞ ናስታር የተባለውን የአናናስ ብስኩት ለዒድ እንግዳ ያቀርባሉ፤ ስሙንም ሥራውንም ከኔዘርላንድ ቅኝ ገዢዎች ወስደው የራሳቸው አድርገውታል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በሉቅሶር፣ ከክርስቶስ ልደት 1,400 ዓመታት ገደማ በፊት በነበረው በሬኽሚሬ የተባለ ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ ጣፋጭ ቂጣ ሲዘጋጅ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ከዚህ በመነሣት «ከዕክ የፈርዖኖች ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ዱቄትን ከቅባትና ከጣፋጭ ጋር መለወስ ግን የአንድ ሕዝብ ወይም የአንድ ሃይማኖት ንብረት አይደለም። የሥዕሉ ቂጣና የዛሬው ከዕክ በሰንሰለት የተያያዙ ለመሆናቸው ሥዕሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዑለማዎቻችንም በልማድ ነገሮች መነሻው ፍቁድነት መሆኑን አስተምረዋል። ከዕክ ምግብ ነው፤ ዒባዳ አይደለም። «ካልተጋገረ ዒድ አልተያዘም» ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ግን እሱ ሊታረም ይገባዋል።

በኢስላም ዘመን የከዕክ ታሪክ ግልጽ እየሆነ ይመጣል። በኢኽሺዲዮች ዘመን፣ ማለትም በ10ኛው ክፍለ ዘመን፣ አቡበክር አል-ማዘራኢ የተባለ ሹም ለዒድ ከዕክ አስጋግሮ በውስጡ የወርቅ ዲናር ያስከትት እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ቀጥሎ የመጡት ፋጢሚዮች ነገሩን የመንግሥት ሥራ አደረጉት። እ.ኤ.አ. ከ975 እስከ 996 የገዛው አል-ዐዚዝ ዳር አል-ፊጥራ የተባለ ቤት አሠራ። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ለውዙና ተምሩ ከረጀብ ወር አጋማሽ ጀምሮ እየገባ በዚያ ይጋገር ነበር፤ ለዒድም ለሕዝብ ይታደል ነበር። በ1040ዎቹ መጨረሻ ካይሮን የጎበኘው ፋርሳዊው ተጓዥ ናስር ኹስረው ለሱልጣኑ የዒድ ማዕድ 50,000 መን ስኳር እንደሚወጣ ተነግሮት ጽፏል። መን የዘመኑ የክብደት መለኪያ ነው። ከስኳር ብቻ የተሠራ ዛፍ ቅርንጫፉና ፍሬው ሳይቀር ማየቱንም ይናገራል። ከስኳር የተሠራ ዛፍ ለማን ይጠቅማል? ለዓይን ብቻ ነው። ከዕኩ ግን ቢያንስ የድሃው እጅ ይደርስ ነበር።

ሳላሑዲን በ1171 የፋጢሚዮችን መንግሥት ሲያከትም ቤተ መንግሥቱ ቀረ፤ ከዕኩ ግን አልቀረም። በካይሮ የኢስላማዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ዛሬም ድረስ «ብላ፣ አመስግንም» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የከዕክ ቅርጽ ማውጫዎች ይታያሉ። ለእኛ ግን ከሁሉም የሚበልጥብን የአንዲት ሴት ሥራ ነው። የመምሉኩ ሱልጣን የአን-ናሲር ሙሐመድ ልጅ ተተር አል-ሒጃዚያ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ ገማሊያ ሰፈር መድረሳ አሠራች። በመድረሳው የወቅፍ ሰነድ ላይም በዒድ ጊዜ ለሠራተኞቹ ከዕክ፣ ለስላሳውም ሻካራውም፣ እንዲታደል አስጻፈች። ወቅፍ ማለት ገቢው ለበጎ ሥራ ለዘለቄታው የታሰረ ንብረት ነው። እናም እሷ ከሞተች በኋላም የመድረሳው ጠራጊ ለልጆቹ ከዕክ ይዞ ይገባል ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የሚያደርሰን ይኸው ነው። የከዕክ ዋናው ወጪ ቅቤው ነው፤ ለአንድ ኪሎ ዱቄት ከግማሽ ኪሎ የሚበልጥ ቅቤ ይጠይቃል። የቅቤ ዋጋ በናረበት ጊዜ ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ ተበድሮ መጋገር የጤና አይደለም። አባት የዒዱን ሳምንት በዕዳ ሐሳብ የሚያሳልፍ ከሆነ ለልጆቹ የታሰበው ደስታ የት አለ? ደግሞም ቅድሚያ ያለው ሌላ ነገር ነው። ዘካተል ፊጥር አንድ ቁና (ሷዕ) ምግብ ሆኖ፣ ከዒድ ሶላት በፊት ለድሃው መድረስ ያለበት ግዴታ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዒደል ፊጥር ማለዳ ወደ ሶላት ከመውጣታቸው በፊት ይበሉ የነበረው በነጠላ ቁጥር የሆኑ ተምሮችን እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ተምር ያለው ቤት ምንም የጎደለው ቤት አይደለም። ከዕኩ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ በሰሃን ተሸፍኖ ጎረቤት ቤት ይሂድ። ለሁለት ሳምንት ሳይበላሽ የሚቆይ ብስኩት ለአንድ ቤት ብቻ ይሆናል ብሎ የጋገረ ሰው አልነበረም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ለምትኖሩ አድማጮቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለን። መልኩ የኛን ብስኩት ስለመሰለ ብቻ ከሱቅ አንስታችሁ አትግዙ። በስፔን ሴቪያ አውራጃ፣ በኤስቴፓ ከተማ የሚሠሩት ማንቴካዶና ፖልቮሮን የሚፈረፈሩበት መንገድ ከዐረቦቹ ጉረይባ ጋር አንድ ነው። ነገር ግን በልማድ የሚለወሱት በአሳማ ስብ ነው። በማሸጊያው ላይ «ላርድ» ወይም «ማንቴካ ዴ ሴርዶ» የሚል ካያችሁ ይህ የአሳማ ስብ መሆኑን ዕወቁ። «ሾርትኒንግ» የሚል ብቻ ከሆነ ከአትክልት መሆኑ በግልጽ መጻፉን ተመልከቱ።

በቤቷ ለመሞከር ለምትፈልግ እህት ትንሽ መጠን እንንገራት። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ይነፋል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨውና ቀረፋ ይጨመርበታል። ሦስት መቶ ግራም ያህል ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ በደንብ ግሎ ይፈስበታል። በማንኪያ ይማሰልና ሲበርድ በጣት ይታሻል፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ አይብዛብሽ። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ በሩብ ብርጭቆ ለብ ያለ ወተት በጥብጠሽ ጨምሪ። ከዚህ በኋላ ሰብስቢው እንጂ አታሺው፤ ከታሸ ይደርቃል። አንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ ፍሬው የወጣለት ተምር በትንሽ ቅቤ ተለውሶ በመሐሉ እየተደረገ ይድበለበላል። በ180 ዲግሪ ምድጃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ታቹ ወርቃማ ሲሆን ላዩ ነጣ ብሎ ይቀራል። ትኩሱን ካነሣሽው ይፈርሳልና በሰሌዳው ላይ ይብረድ። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጪው፤ የተፈጨው ስኳር የሚነሰነስበት ግን ለእንግዳ ሲቀርብ ወይም ሰሃኑ ለጎረቤት ሲወጣ ነው።