ዘንባባን እናውቀዋለን?

አባያ ሐይቅን ቁልቁል በምታየው፣ አለታማዋ ኦቾሎ ሳስተምር የሆነ ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ ቅዳሜ ዕለት ከጓደኞቹ ጋር ወደ ቆላው ወርዶ ኳስ ሲጫወት፣ ኳሷ ወንዝ ዳር ከበቀለ ዘንባባ ሥር ገባች። ሊያወጣት ሲንበረከክ እሾህ ጉልበቱን ወጋው። እናቱ በወረንጦ ነቀለችለት፤ ቁስሉም በሳምንቱ ደረቀ። ነገሩ በዚያ ያበቃ መሰለን።

ከወር በኋላ ግን ጉልበቱ ማበጥ ጀመረ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ «ያመኛል» ብሎ ቢቀመጥ፣ «ቁስልህ ከዳነ ስንት ጊዜው! አትለግም» ብዬ ያስነሣሁት እኔው ነኝ። ወጌሻ ቢያሸው ባሰበት። መድኃኒት ሲውጥ ጥቂት ይሻለውና ተመልሶ ያብጣል። ራጅ ተነሣ፤ ምንም አልታየም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም «እሾህ ወግቶት ያውቃል ወይ?» ብለው ጠየቁ። በአልትራሳውንድ ከታየ በኋላ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ የእሾህ ስባሪ በቀዶ ሕክምና ከመገጣጠሚያው ወጣለት። አልሐምዱ ሊላህ፣ ልጁ ዛሬ ይሮጣል። እኔ ግን «አትለግም» ያልሁበትን ቀን አልረሳውም።

እሾሁ በምን ይለያል?

ውድ አንባቢያን፣ ዘንባባ ባለውለታችን ነው። ሰሌኑን፣ መጥረጊያውንና ቅርጫቱን ከቅጠሉ እንሠራለን፤ በረመዳን የምናፈጥርበት ተምርም የቅርብ ዘመዱ ነው። እሾሁ የሚገኘው በቅጠሉ ዘንግ ግርጌ ሲሆን፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ጠንክረውና ሾለው እሾህ የሆኑ ናቸው። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ጠልቆ ይገባል፤ ሲነቀል ደግሞ ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ቆዳው ከላይ ቢደርቅም ሰውነታችን ውስጥ የቀረውን እንጨት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል። ስባሪው ከመገጣጠሚያ ከገባ፣ ከሳምንታት አልፎም ከወራት በኋላ እብጠትና ሕመም ይከተላል። ይህም በቁርጥማት ወይም በመገጣጠሚያ ቲቢ ሊሳሳት ይችላል። ራጅ አጥንትንና ብረትን እንጂ እንጨትን አጥርቶ አያሳይም፤ አልትራሳውንድ ይሻላል። የሚዋጥ መድኃኒትም ስባሪው እስካልወጣ ድረስ ለጊዜው ብቻ ያስታግሳል። በዚህ ላይ እሾሁ ጀርም ይዞ ስለሚገባ፣ ክትባት ላልወሰደ ሰው የመንጋጋ ቆልፍ አደጋ አለ።

ዘንባባ ሳይሆን ዘንባባ የሚመስል

በከተሞቻችን በግቢ ማስዋቢያነት የሚተከልና ብዙዎች «ዘንባባ» የሚሉት አንድ ተክል አለ፤ ስሙ ሳይካስ ነው። ቅጠሉ ዘንባባ ያስመስለዋል እንጂ፣ በዘሩ ከዘንባባ ይልቅ ለጽድ ይቀርባል። ግንዱ አጭርና ወፍራም፣ ቅጠሎቹ ጠንካራና ጫፋቸው የሚወጋ ነው። አዲስ ቅጠሎቹ ከመሐል እንደ አክሊል በአንድነት ይወጣሉ። በሴቷ ተክል መሐል ደግሞ የልጆችን ዓይን የሚስቡ፣ ወደ ቀይ የሚያደሉ ብርቱካንማ ፍሬዎች ይታያሉ።

መላው ተክል መርዝ አለው፤ በፍሬው ውስጥ ግን ይበረታል። ሳይካሲን የተባለው መርዝ የበላውን ሰው በሰዓታት ውስጥ ደጋግሞ ያስመልሰዋል፤ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪሞች የሚያደርጉት በሽተኛውን ደግፎ ማቆየት ነው። በደቡብ አፍሪካ በቦር ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1901፣ በጄኔራል ያን ስመትስ የሚመሩ ተዋጊዎች ርቧቸው የዚህን ተክል ዘመድ ፍሬ በልተው ነበር። ብዙዎቹ ክፉኛ ታመሙ፤ ኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ስመትስም ለሞት ተቃርበው ነበር። በረሃብ ያሉ ጎልማሶች የተሳሳቱበትን ፍሬ፣ ለጨዋታ የወጣ ሕፃን ቢቀምሰው አያስደንቅም።

ምን እናድርግ?

1ኛ. እሾህ ሲወጋ ቦታውን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እንጠብ። ጫፉ ወደ ውጭ ከታየ በንጹሕ ወረንጦ በገባበት አቅጣጫ እንንቀል፤ ካወጣን በኋላም ጫፉ መኖሩን እንመልከት።

2ኛ. የተወጋው ዓይን ወይም መገጣጠሚያ ከሆነ፣ ወይም እሾሁ ጠልቆ ከተሰበረ፣ በመርፌ አንጎርጉር። ወደ ሐኪም እንሂድ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም እንጠይቅ።

3ኛ. ያበጠን መገጣጠሚያ አናሳሽ። ከወራት በፊትም ቢሆን እሾህ ወግቶ እንደነበር ለሐኪሙ ሳንጠየቅ እንናገር።

4ኛ. ዘንባባ ስንከረክም ወፍራም ጓንትና ጫማ እናድርግ፤ የቆረጥነውን ቅጠል ልጆች ከሚጫወቱበት እናርቅ።

5ኛ. ሕፃናት ባሉበት ቤትና ትምህርት ቤት ሳይካስ ባይተከል ይመረጣል፤ ካለም ፍሬው ለቅሞ ይጣል። ልጅ ከቀመሰው ሕመሙ እስኪጀምር ሳንጠብቅ፣ በጣት ለማስመለስ ሳንሞክር፣ ፍሬውንና ቅጠሉን ይዘን ወደ ጤና ተቋም እንሩጥ።

ጎጂ ነገርን ከመንገድ ላይ ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች እንደሚቆጠር ከልጅነታችን ተምረናል። መንገድ ላይ የወደቀውን እሾህ ማንም ያየዋል። ጉልበት ውስጥ የቀረውን ግን የሚያውቀው የተወጋው ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጆችም መምህራንም ልጅ «ያመኛል» ሲል አስቀድመን እንመነው።